ስለ ታማኝ አገልጋይ ዋጋ

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። ስሙም የተወሰደው ጌታችን በደብረ ዘይት ተቀምጦ ለደቀ መዛሙርቱ ካስተማረው የመክሊት ምሳሌ ነው (ማቴ. 25፥14-30)። ምሳሌው በየዓመቱ ስለሚነበብ ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። አንድ ባለጸጋ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል አገልጋዮቹን ጠርቶ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን ምድር ቆፍሮ ቀበረ። ጌታቸው ተመልሶ በተቈጣጠራቸው ጊዜ ሁለቱ ተመሰገኑ፤ ሦስተኛው ወደ ውጭ ተጣለ።

ነገሩን የለመድነው ስለሆነ ሳንመረምረው የምናልፈው አንድ ጥያቄ አለ። ሦስተኛው ባሪያ አልሰረቀም፤ አላባከነም፤ እንደ ጠፋው ልጅ በብኩንነት አልጨረሰውም። የተሰጠውን ሳያጐድል መለሰ። በዓለም ዳኝነት ቢሆን ኖሮ ዐደራ ጠባቂ ተብሎ በሰላም ይሰናበት ነበር። እንግዲያው ምን አጠፋ? ይህን ያልተረዳ ሰው ሁለቱ የተመሰገኑበትን ምክንያት በትክክል ሊረዳ አይችልም፤ ስለዚህ ከዚሁ እንጀምራለን።

አስቀድመን የመክሊትን መጠን እንመልከት። ብዙ ሰው መክሊት ሲባል በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ትንሽ ገንዘብ ትመስለዋለች፤ እንዲህ አይደለችም። መክሊት የክብደት ስም ነው፤ በዚያ ዘመን አንድ የብር መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ያወጣ ነበር። ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ እንደ ነበረ ከወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ እንረዳለን (ማቴ. 20፥2)። ሰንበታትንና በዓላትን ትተን ሠራተኛው በዓመት 300 ቀን ይሠራል ብንል አንዱ መክሊት የ20 ዓመት ድካም ዋጋ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሦስተኛው ባሪያ የተሰጠኝ ጥቂት ነበር ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። የቀበረው የአንድ ሰው ሙሉ የጕልማሳነት ዘመን ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም መክሊቶቹ የእያንዳንዱ ሰው ችሎታ ናቸው ብሎ ያስተምራል፤ ይኸውም ሌላውን ለመርዳት የሚያስችል ሥልጣን ቢሆን፣ ገንዘብም ቢሆን፣ ትምህርትም ቢሆን ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት መክሊት ያልተቀበለ ሰው የለም። ድምፅ የተሰጠው አለ፤ ጥሩ የማስታወስ ኀይል የተሰጠው አለ፤ እርሻና በሬ ያለው አለ፤ ከጕልበቱ በቀር ምንም የሌለው አለ። ለመሥዋዕት የሚሆነውን ስንዴ አጐንብሳ የምትለቅም አሮጊት እናትም የዐይኗን ብርሃንና የጣቷን ትዕግሥት ተቀብላለች።

የባሪያውን ጥፋት ግን ራሱ በአንደበቱ ገለጠው። ጌታውን ካልዘራበት የሚያጭድ ጨካኝ አድርጎ ቈጠረው፤ ስለ ፈራም ቀበረ (ማቴ. 25፥24-25)። ስለዚህ ጥፋቱ በእጁ ከመታየቱ አስቀድሞ በልቡ ውስጥ ነበረ። የ20 ዓመት ዋጋ ያለ መያዣና ያለ ዋስ ያስረከበውን ጌታ ጨካኝ ማለት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? ጌታው አገልጋዩን አምኖት ሳለ አገልጋዩ ጌታውን አላመነውም። ታማኝነት ማለት ዕቃ አለማጉደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉድጓዱም ታማኝ ነበር፤ የተቀበለውን አላጐደለምና። አንድም፣ ምድር የተባለ ሥጋ ነው፤ መክሊቱን በምድር ቀበረ ማለት ለነፍስ ጥቅም የተሰጠውን ጸጋ በሥጋዊ ኑሮ ሸፍኖ አስቀረው ማለት ነው።

ወደ ሁለቱ ታማኞች እንመለስ። ባለ አምስቱ አምስት አተረፈ፤ ባለ ሁለቱ ሁለት አተረፈ። በቍጥር ሲታይ ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ የጌታቸው ምስጋና ግን ለሁለቱም አንድ ነው (ማቴ. 25፥21ና 23)። ለባለ ሁለቱ አንሶ አልተነገረውም። ቅዱስ ሉቃስ በጻፈው የምናን ምሳሌ ግን ነገሩ ሌላ ይመስላል (ሉቃ. 19፥12-27)። በዚያ ዐሥሩ አገልጋዮች እኩል አንድ አንድ ምናን ተቀብለው ሳለ አንዱ ዐሥር፣ አንዱ አምስት አተረፈ፤ ሲሾሙም የመጀመሪያው በዐሥር፣ ሁለተኛው በአምስት ከተማ ላይ ተሾመ። ሁለቱ ምሳሌዎች ይጣላሉ የሚል ተማሪ ያጋጥማል፤ ነገር ግን አይጣሉም፤ ይልቁንም አንዱ ሌላውን ይተረጕማል። ስጦታው ተለያይቶ ትጋቱ እኩል ሲሆን ምስጋናው እኩል ነው፤ ስጦታው እኩል ሆኖ ትጋቱ ሲለያይ ሹመቱ ይለያያል። በሁለቱም ስፍራ በሚዛን የሚወጣው የትርፉ ብዛት ሳይሆን አገልጋዩ በተቀበለው መጠን የደከመው ድካም ነው። ባላገሩ ካህን በጥቂት ምእመናን ፊት የሚቀድሰውና የከተማው ካህን በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት የሚቀድሰው በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ ማን እንደሚከብድ እኛ አናውቅም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ለታማኙ የተሰጠው ዋጋ ከሥራ መሰናበት አይደለም፤ በጥቂቱ የታመነው በብዙ ተሾመ። ዮሴፍም እንዲሁ ነው። በጲጥፋራ ቤት በታማኝነት አገለገለ፤ ስለ ታማኝነቱ ወህኒ ገባ፤ በወህኒም የእስረኞቹ ሁሉ ኀላፊነት በእጁ ተሰጠ (ዘፍ. 39፥22)። በወንድሞቹ መካከል በጎችን ይጠብቅ የነበረው በ17 ዓመቱ ነው፤ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ለዮሴፍ ሲጨመርለት የኖረው ዋጋ ሥራ ነበር።

በግእዝ ስለ ዋጋ የሚነገሩ ሁለት ቃላት አሉ፤ ዐስብና ዕሤት። ዐስብ ቅጥረኛ ተዋውሎ የሚቀበለው የድካሙ ዋጋ ነው፤ ልኩ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቢቀርም ይከሰሱበታል። ዕሤት ግን ዐሰየ ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ ሰው ላደረገው ነገር የሚመለስለት ብድራት ነው። (ዛሬ በአማርኛ እሴት ሲባል ወደ ሌላ ትርጉም ዞሯል፤ እርሱን ለጊዜው እንተወው።) ይህን ልዩነት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ለማየት የፈለገ የያዕቆብን ታሪክ ያንብብ።

ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት ተገዛ፤ 14ቱን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ 6ቱን ስለ መንጋ (ዘፍ. 31፥41)። ከላይ የአንድ መክሊት ዋጋ ብለን የቈጠርነው ዘመን ይህን ያህል ነው። ሰባት ዓመት ስለ ራሔል ከተገዛ በኋላ በጨለማ ልያ ተሰጠችው። ደመወዙ ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠበት። አውሬ የሰበረውንና ሌባ የወሰደውን ከራሱ ከፈለ፤ ቀን በሐሩር ሌሊት በውርጭ መንጋ ሲጠብቅ እንቅልፍ አጣ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በወጣትነቱ ወንድሙ ዔሳው ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ ብሎ የከሰሰው ሰው ነው (ዘፍ. 27፥36)። በተንኰለኛ ጌታ እጅ የወደቀ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ራሱም ተንኰልን ይማራል፤ ሥራውን ያጓድላል፤ ጌታዬ ስላታለለኝ ነው ብሎም ሕሊናውን ያሳርፋል። ያዕቆብ ግን በሃያኛው ዓመት በላባ ፊት ቆሞ በጎችህና ፍየሎችህ በእኔ እጅ አልጨነገፉም ለማለት ቻለ።

ላባ ዐስቡን ነፈገው፤ እግዚአብሔር ግን ዕሤቱን ሰጠው። የእጁን ድካም አይቶ ላባን በሌሊት ሕልም ገሠጸው (ዘፍ. 31፥24ና 42)። በዚህ ስፍራ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። ኦሪት ያዕቆብ በትሮችን ልጦ በውኃ ማጠጫው ፊት ማኖሩን ትነግረናለች (ዘፍ. 30፥37-39)፤ ይህ የእረኝነቱ ጥበብ ነበር። ያዕቆብ ግን ለሚስቶቹ ታሪኩን ሲነግራቸው ስለ በትሮቹ አንድ ቃል አላነሣም፤ የአባታቸውን መንጋ ለእርሱ የሰጠው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ብቻ ነገራቸው (ዘፍ. 31፥9)። የሚሠራውን ሁሉ ሠርቶ ሲያበቃ ውጤቱን በራሱ ስም አላስመዘገበም። በትር ብቻ ይዞ ዮርዳኖስን የተሻገረው ሰው በሁለት ወገን የተከፈለ ሕዝብና መንጋ ይዞ ተመለሰ (ዘፍ. 32፥10)።

ስለ ወይኑ ቦታ ሠራተኞች የተነገረው ምሳሌ ደግሞ ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳየናል (ማቴ. 20፥1-16)። የምሳሌው ሰዓት አቈጣጠር ከአገራችን አቈጣጠር ጋር አንድ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሦስት ሰዓት ረፋድ ነው፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። በማለዳ የገቡት በአንድ ዲናር ተዋውለው ገቡ። በሦስት ሰዓት ለተጠሩት ግን ባለቤቱ የሚገባውን እሰጣችኋለሁ ብቻ ነው ያላቸው፤ እነርሱም ልኩን ሳይጠይቁ ሄዱ። የማለዳዎቹ የሠሩት ስለ ዐስብ ነው፤ የኋለኞቹ የሠሩት ባለቤቱን አምነው ነው። ሲመሽም የተዋዋሉት የተዋዋሉትን አገኙ፤ ያመኑት ካሰቡት በላይ አገኙ። ማንም አልተበደለም፤ ያጕረመረሙት ግን ዲናራቸውን በእጃቸው እንደ ጨበጡ ደስታቸውን አጡ።

አፈ ወርቅ ይህ ምሳሌ በተለይ በእርጅና ዘመናቸው ወደ ንስሐ የተመለሱትን ለማጽናናት የተነገረ ነው ይላል። እኔም የምጨምረው፣ በአደባባይ የዋሉት ስንፍና አላዋላቸውም፤ የሚቀጥራቸው አጥተው ነው (ማቴ. 20፥7)። ሥራ ፈልጎ ያጣን ሰው ሰነፍ ብሎ መስደብ ከወንጌሉ ጋር አይስማማም።

የሰማዩን ዋጋ ስናነሣ ስለ ምድሩም ዝም ማለት አይገባም። በአንዳንድ ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ወይም ዲያቆን ወይም መምህር ደመወዙ ሲዘገይበት ለምን ብሎ ቢጠይቅ፣ ዋጋህን ከሰማይ ትቀበላለህ የሚል መልስ ይሰጠዋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ተናጋሪው ግን ሊናገረው አይገባም። የሰማዩን ዋጋ የሚከፍል እግዚአብሔር ነው፤ የምድሩን እንዲከፍል የታዘዘው አሠሪው ነው። ኦሪት የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅበት እንዲከፈለው ታዛለች፤ ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ አድርጋለችና (ዘዳ. 24፥14-15)። ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ደርሷል ይላል (ያዕ. 5፥4)። በአውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ያየ ባላገር ሁሉ የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር የተሰጠውን ሕግ በቀላሉ ይረዳዋል (ዘዳ. 25፥4)፤ ቅዱስ ጳውሎስም ይህን ሕግ ጠቅሶ ስለሚያስተምሩ ቀሳውስት ተከራከረ (1ጢሞ. 5፥17-18)። ላባ ይቅርታ ያልጠየቀበትን ሥራ በእግዚአብሔር ስም መሥራት ከላባ ይብሳል።

በሌላው ወገን ደግሞ እግዚአብሔር ለታማኙ የሚከፍለው በሀብትና በጤና ነው፤ ፈጥኖም ይከፍላል፤ ያልበለጸገ ሰው እምነቱ ጐድሎ ነው የሚል ስብከት አለ። ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የኢዮብ ወዳጆች አስቀድመው ተናግረውታል፤ እግዚአብሔርም ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቈጥቷቸዋል (ኢዮ. 42፥7)። ሙሴ ሕዝቡን 40 ዓመት በምድረ በዳ መርቶ ምድሪቱን ከናባው ተራራ በዐይኑ አየ እንጂ አልገባባትም (ዘዳ. 34፥1-5)። ቅዱስ ጳውሎስም ለዕብራውያን ሲጽፍ ብዙ ታማኞችን ከቈጠረ በኋላ ሁሉም በእምነት ተመስክሮላቸው ሳለ የተስፋውን ቃል እንዳላገኙ ይናገራል (ዕብ. 11፥39)። ታዲያ ዋጋውን በዐይኑ ሳያይ የሚደክም አገልጋይ ምን ይያዝ?

ለዚህ ከሙሴ ይልቅ ስሙ ብዙ የማይነሣ ሰው ምሳሌ ይሁነን፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ። በንጉሥ ሴዴቅያስ ዘመን ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበው ሳሉ መኳንንቱ ነቢዩ ኤርምያስን ይዘው ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ በሞላበት ጕድጓድ ጣሉት። ንጉሡም ሊከለክላቸው እንደማይችል በራሱ አፍ ተናገረ (ኤር. 38፥5)። ንጉሥ የፈራውን ነገር ለመናገር የተነሣው በቤተ መንግሥት የሚያገለግል አንድ መጻተኛ ነው። አቤሜሌክ ሴዴቅያስ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ መኳንንቱ ያደረጉት ክፉ እንደ ሆነ፣ ነቢዩም በረኃብ እንደሚሞት በግልጥ ተናገረ። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው አዘዘው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አቤሜሌክ ገመድ ይዞ በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሮጠም። አስቀድሞ ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ስፍራ ገባ፤ ያረጀ ጨርቅና እላቂ ልብስ ለቅሞ በገመድ ወደ ኤርምያስ አወረደለት፤ ገመዱ እንዳይከረክረው በብብቱ በታች እንዲያደርገው ነገረው (ኤር. 38፥11-12)። ነቢይን ከሞት ለማዳን ድፍረት ይበቃል፤ ሲያድኑት ብብቱ እንዳይላጥ ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። በቤተ መንግሥት ውስጥ ብዙ ወርቅ ነበረ፤ ለዚህ ሥራ የተፈለገው የተጣለ ጨርቅ ነበር፤ የት እንዳለ ያወቀውም ዘወትር በቤቱ የሚደክመው አገልጋይ ነው።

ዋጋውስ? ሹመት አላገኘም፤ ርስት አልተሰጠውም። ኤርምያስም ቢሆን ከጕድጓድ ወጣ እንጂ ከግዞት አልወጣም፤ በግዞት አደባባይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ነገር ግን በዚያው በግዞት ሳለ የእግዚአብሔር ቃል ወደ ነቢዩ መጥቶ ለአቤሜሌክ እንዲነግረው አዘዘው፤ ከተማይቱ ስትጠፋ አንተ በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም፤ ነፍስህ እንደ ምርኮ ትሆንልሃለች፤ በእኔ ታምነሃልና የሚል ነው (ኤር. 39፥15-18)። እንግዲህ ምክንያቱን ልብ በሉ፤ የተቈጠረለት ነቢዩን ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን መታመኑ ነው። ሕይወቱን በእጁ ይዞ መውጣት ደግሞ በዚያች ቀን ትንሽ ዋጋ አልነበረም። በዚሁ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ ንጉሡ ሴዴቅያስ ልጆቹ በፊቱ ሲታረዱ አይቶ ዐይኑ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ ተረፈ ባሮክ ታሪኩን ከዚህ አልፎ ይነግረናል። ኤርምያስ ይህ በጎ ሰው የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ስለ ለመነለት፣ ከሕዝቡ መካከል ላሉ ድውያን በለስ ለቅሞ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ የአትክልት ቦታ ተላከ። አቤሜሌክ በለሱን ለቀመ፤ በመንገድ ሐሩር ሆኖበት በዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ፤ እንቅልፍም ወሰደው። ሲነቃ 66 ዓመት አልፎ ነበር። ጥቂት ያሸለበ መስሎት ወደ ከተማይቱ ሲመለስ መንገዱንም ቤቱንም ዘመዶቹንም አጣ። አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ ስንት ዘመን እንደ ሆነ ቢነግረው አላመነም፤ ቅርጫቱን ከፍቶ በለሱን አሳየው፤ በለሱም ያን ዕለት እንደ ተለቀመ ትኩስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሮክ ከበለሱ ወስዶ ከደብዳቤ ጋር በንስር ወደ ባቢሎን ላከው። ኤርምያስም ተቀብሎ በምርኮ ካሉት ሰዎች መካከል ለታመሙት አደላቸው።